የእትዬ አስካለ እሺ

እትዬ አስካለ ማረፋቸውን የሰማሁት ሐዋሳ ውስጥ፣ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ሰው ፊት ቆሜ ስለ እሳቸው ስለፈልፍ ነው። ፎቶግራፋቸው ከኋላዬ ግድግዳውን ሞልቶ በርቷል። ከሥሩ በወፍራም ፊደል «በገዛ ቤት ማርጀት፦ የተሳካ ተሞክሮ» ብዬ ጽፌበታለሁ። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ነዘረ፤ ዘጋሁት። ደግሞ ነዘረ፤ ደግሜ ዘጋሁት። ያን ሰዓት ስለ ማዳመጥ ጥቅም እያስተማርኩ ስለነበር ስልክ ለማንሳት ጊዜ አልነበረኝም።

በሻይ ሰዓት መልሼ ደወልኩ። ያነሳችው ጎረቤታቸው አማረች ናት። የካ ሚካኤል፣ ከእትዬ አስካለ ጋር በአንድ ግቢ የምትኖር፣ በሩ ላይ ጉሊት ዘርግታ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጥ፣ ኃይለኛ ሴት ናት።

«ዛሬ ጠዋት ጌታ ወሰዳቸው» አለችኝ። «ቀብሩ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ትደርሳለህ ወይስ ስብሰባ አለህ?»

ይቺ «ወይስ ስብሰባ አለህ» የምትለው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለች። ለአዘጋጆቹ «ሰው ሞቶብኝ ነው» አልኩና ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። ፎቶግራፋቸውን ማጥፋቱን እንኳ ረስቼው ነው የሄድኩት።

ስለ ራሴ ብዙ የሚወራ ነገር የለም፤ ያለውም አያኮራም። የካ ውስጥ አረጋውያንን በየቤታቸው የሚረዳ አንድ ትንሽ ማኅበር ቀጥሮኝ ነበር። የሥራ መጠሪያዬ «የማኅበረሰብ አቀፍ የአረጋውያን እንክብካቤ አገልግሎት አስተባባሪ» ይባላል። ይሄ ሁሉ ሲፈታ ፎርም ይዞ ከቤት ቤት የሚዞር ሰው ማለት ነው። ማስተርስ አለኝ፤ በዚያን ጊዜ ይህን ለማንም ሰው በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ውስጥ ሳልናገር አልቀርም ነበር።

እትዬ አስካለ ቤት መጀመሪያ የገባሁ ዕለት «እማማ፣ እንደምን አደሩ?» አልኩ፣ ትሑት ለመምሰል ድምፄን አለስልሼ።

«ማናት እማማ?» አሉ ዞር ዞር ብለው፣ ሌላ ሰው የሚፈልጉ መስለው። «እዚህ እማማ የምትባል ሴት የለችም። እኔን እትዬ በለኝ።»

ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት ነበር የቀራቸው። ልጅ አልወለዱም፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሠሩት በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የስልክ ማዞሪያ ላይ ነው። ማን ታሞ ገባ፣ ማን ዳነ፣ ማን አረፈ እያለ የሚደውለው ሕዝብ ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው የእሳቸውን ድምፅ ነበር። ከዚያ የተረፋቸው አንድ ልማድ ነበራቸው። ሰው ሲያነጋግራቸው ዐይናቸውን ይጨፍኑና አንገታቸውን ወደ ቀኝ ዘንበል ያደርጋሉ። እኔ ይህን ሳይ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎኝ «እትዬ! እየሰሙኝ ነው?» ብዬ ጮህኩባቸው።

«እኔስ እየሰማሁህ ነው» አሉ ዐይናቸውን ሳይገልጡ። «አንተ ግን ራስህን ትሰማለህ?»

ስምንት ገጽ ፎርም ነበር የያዝኩት። ጉልበትዎን ያምዎታል? «ተመስገን።» እንቅልፍስ? «ተመስገን ነው።» ምግብ ራስዎ ያበስላሉ? «ሚካኤል አያሳጣኝ፣ ተመስገን።» እኔም በእያንዳንዱ ተመስገን ፊት «ችግር የለም» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት እያደረግኩ ሄድኩ። እንዲህ ፎርም ቶሎ ያለቀልኝ ቀን የለም። በመጨረሻ ልሸኝህ ብለው ሲነሱ ግን ጉልበታቸው ከዳቸውና ሁለት ጊዜ ተመልሰው ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። እጃቸውን ይዤ አስነሳኋቸው። ምልክቱን ግን አላረምኩትም፤ ፎርሙ ቦርሳ ውስጥ ገብቷላ!

ክረምት ሲገባ ግቢው ጭቃ ሆነና አዳልጧቸው ወደቁ። እግዜር አተረፋቸው፣ አጥንት አልተሰበረም፤ ግን ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ ዋሉ። እኔም መፍትሔ ይዤ ከተፍ አልኩ። ወሰን ከሚባለው ሰፈር ወደ ላይ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ የሚጀምርበት ጥግ ላይ፣ አረጋውያን የሚኖሩበት ማዕከል አለ። ንጹሕ ነው፤ ሙቅ ውሃ አለው፤ ነርስ አለው፤ ሠራተኞቹም ደጎች ናቸው። ሥዕል ያለበትን ወረቀት ይዤ፣ የሰፈራቸውን ዳገት እያለከለክኩ ወጥቼ፣ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ስብከቴን ጀመርኩ።

«ሐኪም በየሳምንቱ ይመጣል፣ እትዬ።»

«እሺ።»

«ምግቡ በሰዓቱ ነው። ውሃ መቅዳት የለ፣ ጭቃ የለ።»

«እሺ ልጄ።»

«ታዲያ ቢገቡ ምን ይመስልዎታል?»

ዐይናቸውን ጨፈኑ። ትንሽ ቆዩና «እሺ... እሺ ልጄ፣ አንተ ካልክ» አሉ።

ሌላው እንዲህ በቀላሉ አይገኝም! በሥራ ዘመኔ በአንድ ቁጭታ ይህን ያህል እሺ ሰብስቤ አላውቅም። ፎርሙን አወጣሁና «ቤታቸውን ለቀው ወደ ማዕከል ለመግባት በሙሉ ፈቃዳቸው ተስማምተዋል» በሚለው ፊት ትልቅ ምልክት አደረግኩ። «በሙሉ» የምትለውን ቃል ከሥሯ አሰመርኩባት። አንዱን ቅጂ ለማዕከሉ፣ አንዱን ለወረዳው ላክሁ። እንደኔ ቀልጣፋ ማን አለ!

የሄዱ ዕለት ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ሻንጣቸውን በገመድ አስረው ጠበቁኝ። የቤቱን ቁልፍ ለአማረች ሰጧት። አማረች አለቀሰች፤ እኔ የደስታ መስሎኝ ፎቶ አነሳኋት። መኪናው ሲነሳ እትዬ አስካለ አንዴም ዞር ብለው ቤታቸውን አላዩም። ይህንንም «ለአዲሱ ሕይወታቸው ዝግጁ ናቸው» ብዬ ሪፖርቴ ላይ አሰፈርኩት። አይ እኔ!

በሦስተኛው ሳምንት ለሌላ ጉዳይ በዚያ ግቢ ሳልፍ የእትዬ አስካለ ቀሚስ ከበራቸው ፊት ገመድ ላይ ተሰጥቶ ውሃ ያንጠባጥባል። ግራ ገባኝ።

«እትዬ ተመልሰው መጡ እንዴ?» አልኳት አማረችን።

«አልመጡም። እኔ ነኝ በየሁለት ቀኑ እያራስኩ የማሰጣው።»

«ለምን?»

«ቤቱ ሰው ያለበት እንዲመስል ነዋ! የቀበሌ ቤት መሆኑን ረሳኸው? ከወረዳ መጥተው ባዶ ከሆነ ለሌላ ሰው ይሰጣል አሉኝ። ‘እትዬ እዚሁ አሉ’ ብዬ ቀሚሱን አሳየኋቸው። እነሱ ግን ‘ለቀዋል የሚል ወረቀት ደርሶናል’ አሉ። ማን እንደጻፈው እንጃ።»

እንጃ ስትል ዐይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም።

«እሳቸው ራሳቸው እኮ እሺ ብለውኛል» አልኩ።

«እሺ አሉህ?»

«ደጋግመው!»

የያዘችውን ሽንኩርት አስቀመጠች። «አንተ፣ የየት አገር ሰው ነህ?»

«የዚሁ ነኝ። ኮተቤ ነው ተወልጄ ያደግኩት።»

«ታዲያ እሺ ምን እንደሆነ አታውቅም? ሰው ለአንቺ ብዬ ነው ብሎ፣ ለፍቶ ዳገት ወጥቶ፣ አልጋሽ ጫፍ ተቀምጦ ሲለምን ምን ይባላል? ውጣልኝ ይባላል?»

ክው አልኩ። ልብስ ሰፊዬ «እሺ፣ ለቅዳሜ ይደርሳል» ሲለኝ አንድም ቀን አምኜው አላውቅም። እናቴ ለደላላ እሺ ስትል ሰውየው በር ሳይወጣ እንደምትረሳው አውቃለሁ። ይህን ሁሉ ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ሰው፣ ፎርም ስይዝ ጊዜ አማርኛ ጠፋኝ።

በዚያው ወደ ማዕከሉ ወጣሁ። ነርሷ ኮሪደሩ ላይ አገኘችኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሻንጣቸውን እስካሁን አልፈቱም» አለችኝ። «ጠዋት ጠዋት ነጠላቸውን ለብሰው አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ፣ እንግዳ ሆነው።»

እውነትም ሻንጣው ከነገመዱ አልጋው ሥር ተቀምጧል።

«እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። እዚህ መኖር ይፈልጋሉ?»

«ደህና ነው። ሰዎቹ ደጎች ናቸው፣ ተመስገን።»

እጄ ብዕር ፍለጋ ኪሴ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ባዶውን አወጣሁትና ዝም አልኩ። ዝም ማለት ለእኔ ድንጋይ ከመሸከም ይብሳል። ብዙ ቆየን። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው ጀመሩት።

«ጸጥታው ነው ያስቸገረኝ» አሉ። «የቤቴ መስኮት መንገድ ላይ ነው። ሰው ወደ ሚካኤል ሲወጣ እትዬ አስካለ እንዴት አደሩ ይለኛል፤ እኔም ድምፁን ሰምቼ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የአማረች መዝሙርም አለ። ታስጮኸዋለች፤ ቀንሺ እላታለሁ፤ እሺ ትላለች፤ አትቀንስም። እዚህ ባሕር ዛፉ ብቻ ነው የሚያወራው። መስመሩ የተቋረጠብኝ ይመስለኛል።»

«ታዲያ ያኔ ለምን እምቢ አላሉኝም?»

«ላብህ ጠብ ጠብ እያለ? ያን ሁሉ ወረቀት ተሸክመህ? እንዴት ብዬ ላሳፍርህ!» ብለው ሳቁ።

እኔ አልሳቅኩም። እኚህ ሴት እኔን ላለማሳፈር ብለው አርባ ዓመት የኖሩበትን ቤት ለቀው ወጥተዋል። ይሉኝታቸው ጣራ የለውም፤ የእኔም ድንቁርና እንደዚያው። ዕንባዬ መጣ፤ ጉንፋን ነው አልኩ።

እሳቸው ግን ለማስተማር ተመቻችተው ተቀመጡ። «ሠላሳ ዓመት እሺ ስሰማ ነው የኖርኩት» አሉ። «ቶሎ የምትመጣ እሺ አለች። ገና ተናግረህ ሳትጨርስ ትመጣለች፤ እሷን እመናት። ጎተት ብላ የምትመጣ አለች፤ እሷ ላስብበት ናት። ከኋላዋ ልጄ ወይም ወንድሜ ከተለጠፈባት ግን ሰውየው እያባበለህ ነው።»

«ደጋግሞ ካለኝስ?»

«እሱማ እምቢ ነው። ይህን ጀማሪ ስልከኛም ያውቀዋል።»

ቀጥሎ ያለው የእኔ ውርደት ነው። ወረዳው ቢሮ ሄጄ የገዛ ወረቀቴ ስሕተት ነው ማለት ነበረብኝ። ጉዳዩን የያዘው ወጣት ፋይሉን አወጣና «ይሄ ፊርማ ያንተ አይደለም?» አለኝ።

«የእኔ ነው።»

«በሙሉ ፈቃዳቸው ይላል። አስምረህበታል።»

«አዎ።»

«ታዲያ ዋሽተህ ነው?»

«አልዋሸሁም። አልገባኝም ነበር።»

«ምኑ ነው ያልገባህ?»

«እሺ የሚለው ቃል።»

ከዚያ ወደ ጎን ዞሮ «እናንተ፣ ኑ እስቲ ይሄን ስሙ!» ብሎ ቢሮውን በሙሉ ሰበሰበብኝ። አንዲት እናት «ስንተኛ ክፍል ነው የደረስከው የኔ ልጅ?» ብለው ከልባቸው አዝነው ጠየቁኝ። ማስተርስ አለኝ አላልኩም። ብቻ ስቀው ሲጨርሱ ማረሚያ ደብዳቤ አጻፉኝ፤ ቤቱም ተረፈ።

አንድ ነገር ቀረ። እትዬ አስካለ ያላቸው የቅርብ ዘመድ ደብረ ብርሃን የሚኖር ወርቁ የሚባል የወንድማቸው ልጅ ብቻ ነው። ስደውልለት «አክስቴ ብቻዋን ወድቃ እንድትገኝ አልፈልግም» አለኝ። «በየሳምንቱ ሄዶ የሚያያት ሰው ካለ ይሁን፣ ቤቷ ትኑር። ከሌለ ግን ወይ ማዕከሉ ትቆያለች፣ ወይ እኔ መጥቼ እወስዳታለሁ።»

«እኔ አለሁ፤ በየሐሙሱ» አልኩት። ገና ተናግሮ ሳይጨርስ ነው ያልኩት።

እትዬ አስካለ ተመለሱ። አማረች የረጠበውን ቀሚስ ከገመድ ላይ አውርዳ እልልታዋን አቀለጠችው። በማግስቱ ፎርሙን ገለበጥኩና ጀርባው ላይ እሳቸው ራሳቸው እያስጻፉኝ የሚፈልጉትን ጻፍኩ። ገላቸውን የምታጥባቸው አማረች እንጂ ሌላ ሰው አይሆንም። ምግብ ይዞ የመጣ ሰው አብሯቸው ይብላ፣ አስቀምጦ አይሂድ። በየወሩ በአሥራ ሁለት፣ ሁለት ሰው ደግፎ ሚካኤል ያውጣቸው። እንዴት አደሩ ብሎ መልሱን ሳይሰማ የሚያልፍ ሰው በዚያ መስኮት ባያልፍ ይሻላል። የእድሩ ሴቶች ቀን ተከፋፈሉ፤ ነርስ በየአሥራ አምስት ቀኑ እንድትመጣላቸው አደረግን። ሌላውን ሁሉ አልጋቸው ላይ ሆነው ራሳቸው ያዞሩት ነበር፤ «ሰኞ የነበረችውን ለረቡዕ አገናኟት» እያሉ።

ሁለት ዓመት ያህል ሐሙስ ሐሙስ ሄድኩ። ስሜን አቶ ፎርም አሉኝ። አንድ ቀን እሳቸው ቤት ተቀምጬ አለቃዬ ደወለና ሪፖርት አምጣ ሲለኝ «እሺ፣ እሺ ጌታዬ፣ እሺ» ብዬ ዘጋሁት። እትዬ አስካለ አንድ ዐይናቸውን ገለጥ አደረጉና «ይሄንን ሰውዬ እስከ መቼ ልታስጠብቀው ነው?» አሉኝ። ሳቃችን አማረችን ከጉሊቷ አስነስቶ አመጣት። በዚያች አንድ ክፍል ቤት የሳቅኩትን ያህል የትም ስቄ አላውቅም።

ከዚያ እኔ ዐዋቂ ሆንኩ። የእትዬ አስካለ ነገር ተወራ፤ ከሌላ ማኅበር ሰዎች መጥተው አዩ፤ እኔም አሠልጣኝ ተባልኩ። ዛሬ አዳማ፣ ነገ ባሕር ዳር። አረጋውያን በቤታቸው ሲኖሩ ዋናው ነገር የሰው አለመቅረት ነው እያልኩ ለማስተማር ስል መቅረት ጀመርኩ። አንድ ሐሙስ ዘለልኩ፤ ከዚያ ሁለት። በመጨረሻ የደወልኩላቸው ጊዜ «እትዬ ይቅርታ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ የሚመጣው ሐሙስ በእርግጠኝነት እመጣለሁ» አልኳቸው።

«እሺ ልጄ» አሉኝ።

ስለ እሺ ዓይነቶች የሚያስረዳ አራት ገጽ ማሠልጠኛ ያዘጋጀሁት ሰውዬ «እሰይ፣ አልተቀየሙኝም» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ በኋላ በሕይወት አላገኘኋቸውም።

ከሐዋሳ ተነስቼ ቀብሩ ላይ ደረስኩ። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ አማረች መጨረሻቸውን ነገረችኝ። ጠዋት ሻይ ይዛላቸው ስትገባ መስኮቱን ክፈቺልኝ አሏት። ከፈተችላቸው። በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ሰላም አላቸው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ?» ብለው መለሱለት። ሻዩን ልታቀብላቸው ስትዞር አርፈዋል። በራሳቸው አልጋ፣ በራሳቸው ቤት፣ እንደፈለጉት። ደስ አለኝ፤ በዚያው ልክ አፈርኩ። መቀመጫ ፈልጌ ከጥግ ተቀመጥኩ።

ወርቁ ሰዉን እየዞረ እግዜር ይስጥልኝ ሲል እኔ ጋ ደረሰ። በስልክ እንጂ በአካል ተያይተን አናውቅም።

«አንተ ምኗ ነህ?» አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። ያ ረጅም የሥራ መጠሪያዬ ለለቅሶ ቤት የሚሆን አልሆነም። ዘመድ አይደለሁም፤ ጎረቤት አይደለሁም።

«ጠያቂያቸው ነኝ» አልኩት።

ፊቱ በራ። አንገቴን አቅፎ ሳመኝ። «የሐሙሱ ነህ እንዴ! እግዚአብሔር ይስጥልን ወንድሜ። በየሳምንቱ ስደውል ሰውየው መጣ ወይ እላታለሁ፤ ኧረ እሱ አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም ትለኛለች። ባለፈው ሐሙስም ብርቱካን ይዞልኝ መጥቶ፣ ሲልጥልኝ፣ ሲያስቀኝ ዋለ አለችኝ። እንደዚያ ባትለኝ ኖሮ እኮ ይሄኔ መጥቼ ወስጃት ነበር።»

አማረች ንፍሮ እያዞረች አጠገባችን ደርሳ ነበር፤ ሰምታለች። ቀና ብላ አየችኝና ንፍሮውን ዘገነችልኝ። እኔም ወርቁን አላረምኩትም። ወርቁ እጄን እንደያዘ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ።

ለእትዬ አስካለ ብርቱካን ይዤላቸው ሄጄ አላውቅም።